ትልቅ ጎማ ለተገጠመላት የሪሞት ፒክአፕ ተስማሚውን ጥርስ መምረጥ

በሪሞት በምትነዳ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ላይ ከፋብሪካ ከመጣው የሚበልጥ ጎማ የሚገጥም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ቁመናዋና ድንጋይ ስለማለፏ ነው፤ ሞተሩ ግን ጎማው ከተቀየረ ጀምሮ የከበደ ሥራ ተጭኖበታል። ጎማው አንዴ ሲዞር የሚሸፍነው መንገድ ስለሚረዝም፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር መኪናዋን ቀድሞ ከሚገፋት ርቀት በላይ እንዲገፋ ይገደዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ዳገቱ ሲከብደው ማርሽ ይቀንሳል፤ አብዛኞቹ የሪሞት ፒክአፖች ግን ያላቸው አንድ ማርሽ ብቻ ስለሆነ፣ ቅነሳውን ባለቤቱ መኪናዋን ከማስነሳቱ በፊት ጥርስ በመቀየር ሊሠራው ይገባል።

በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ጥርስ ፒኒየን፣ እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ደግሞ ስፐር ይባላል። የስፐሩ ጥርስ ብዛት ለፒኒየኑ ተካፍሎ፣ በካምቢዮው ውስጥ ባለው ቋሚ ምጣኔ ሲባዛ፣ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይታወቃል። ቋሚው ምጣኔ በመኪናዋ መመሪያ ላይ ይገኛል፤ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ በሚነዳው፣ ትራክሳስ ስላሽ በተባለው የሪሞት ፒክአፕ ለምሳሌ 2.72 ነው።

የጎማውን ልክ ከማሸጊያው ላይ አንብቦ መቀበል አይበቃም፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅና የመኪናዋ ክብደት ይለውጡታል። ባትሪው ገብቶ፣ ማብሪያው ጠፍቶ፣ ቦዲው እንደተጫነ መኪናዋን ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ያቁሟት። ጎማው ወለሉን በሚነካበት ቦታ በጎማው ጎንም በወለሉም ላይ በጠመኔ ያስምሩ፤ ከላይ ሳይጫኗት ቀስ ብለው ይግፏትና በጎማው ላይ ያለው መስመር ዞሮ ወለሉ ላይ ሲደርስ እዚያም ያስምሩ። በወለሉ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ትክክለኛው ልክ ነው። አሮጌውንም አዲሱንም ጎማ በዚሁ መንገድ መለካት ያስፈልጋል።

አሮጌው ጎማ 314፣ አዲሱ 393 ሚሊ ሜትር ሄደ እንበል፤ ስፐሩ ባለ 54፣ ፒኒየኑ ባለ 18 ጥርስ፣ ቋሚው ምጣኔ 2.72 ይሁን። 54 ለ18 ሲካፈል 3 ነው፤ በ2.72 ሲባዛ 8.16 ይሆናል። በአሮጌው ጎማ ሞተሩ አንዴ ሲዞር መኪናዋ 38.5 ሚሊ ሜትር ትሄድ ነበር፤ ጎማው ብቻ ቢቀየር ወደ 48.2 ያድጋል። ይህ 25 በመቶ ጭማሪ በወረቀት ላይ ፍጥነት ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ወደ ነበረበት ለመመለስ 18ን በ314 አባዝቶ ለ393 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 14.4 ገደማ ስለሚሆን ምርጫው 14 ወይም 15 ነው። በ14 መኪናዋ በአንድ የሞተር ዙር 37.5፣ በ15 ደግሞ 40.1 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች።

እኔ ለደሴ 14ን እመርጣለሁ፤ ጎማው ከባድ ከሆነም 13ን እሞክራለሁ። ስሌቱ የሚያውቀው የጎማውን ዙሪያ እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ ከመሀል የራቀ ክብደት ደግሞ መኪናዋ በተነሳችና ፍሬን በያዘች ቁጥር ሞተሩን ያስቸግረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 83 በመቶ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር በአየር መሳሳት ጉልበቱ አይቀንስም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ይሳሳበታል። የደሴ ብርድ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ በኮምቦልቻ ቀትር ላይ ግን ያ እርዳታ ስለሌለ፣ ሜዳው ቢመችም 15ን ሳይለኩ ማመን አይገባም። ባትሪውን ከ7.4 ወደ 11.1 ቮልት ለማሳደግ ያሰበ ሰው ደግሞ ፒኒየኑን ከዚህም በታች ማውረድ አለበት።

ፒኒየን ሲገዛ የዘንጉ ውፍረት፣ 3.17 ነው ወይስ 5 ሚሊ ሜትር፣ አስቀድሞ ይታወቅ። የጥርሱም መጠን (ፒች) ከስፐሩ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ባለ 48 ፒችን ከባለ 32 ጋር ማጋጠም የፕላስቲክ ስፐርን ወዲያው ይላጨዋል። በሚገጠምበት ጊዜ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ቀጭን ወረቀት ያስገቡ፤ ሞተሩን ወደ ስፐሩ ገፍተው ቡሎኖቹን ያጥብቁ፤ ከዚያ ስፐሩን እያዞሩ ወረቀቱን ያውጡት። የወጣው ወረቀት የጥርሶቹ መታጠፊያ ይታይበት እንጂ የተቀደደ መሆን የለበትም። ስፐሩ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል ክፍተቱን በሦስትና በአራት ቦታ ማየት ይጠቅማል።

የመጨረሻው ዳኛ ሙቀት ነው። አምስት ደቂቃ ያህል፣ ሁልጊዜ በምትነዳበት መሬት ላይ፣ ዳገትም ከሆነ በዳገቱ ላይ ይንዷትና ሞተሩን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለኩት። ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ከፒኒየኑ አንድ ጥርስ ይቀንሱ፤ ከልክ በላይ የጋለ ሞተር የማግኔቱን ጉልበት ለዘለቄታው ያጣልና ነገ ይቀዘቅዛል ብሎ መቀጠል አይገባም። ባትሪው ከ60 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። ሞተሩ ሳይሞቅ መኪናዋ ከተንቀራፈፈች፣ ድምፁም ገና ከመነሻው ጫፍ ከደረሰ፣ ፒኒየኑ ከሚገባው በላይ አንሷል፤ አንድ ጥርስ ጨምረው ይለኩት። ፒኒየኑ በተቀየረ ቁጥር የሞተሩ ቦታ ስለሚለወጥ ክፍተቱን በወረቀት እንደገና ማስተካከል ግድ ነው።