ሲጠብቁት የሚበላሽ ኮሚክ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቆየ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርክ መጽሔት፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሚወደው ሰው እጅ ነው። የተቀደደውን ልጠግን ብሎ ፕላስተር ይለጥፍበታል። አቧራ እንዳይነካው ብሎ ያገኘው ፕላስቲክ ውስጥ ይከተዋል። እንግዳ እንዲያየው ብሎ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወረቀቱን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ኮሚክ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የሚታተመውም በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው። ይህ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ውስጡ ይቀራል። ሊግኒን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን ያወይበዋል፣ አሲድም ይፈጥራል። አሲዱ ወረቀቱን ከውስጥ እየበላ ያደርቀዋል። መጨረሻ ላይ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ለማቆየት አላሰበም። ልጆች አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሲሰበሰብም ብዙ ኮሚክ አብሮ ሄዷል። የተረፉት ዛሬ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

ከከረጢቱ ሲያወጡ መቸኮል

ይህን ያስቀደምኩት በጣም የተለመደ፣ በጣምም የሚያናድድ ስለሆነ ነው። ኮሚኩ ለዓመታት በፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ በደህና ቆይቷል። ባለቤቱ ለጓደኛው ሊያሳይ የከረጢቱን ክዳን ይከፍታል። ክዳኑን የያዘው ፕላስተር እዚያው እንደተንጠለጠለ ነው። ኮሚኩን ወደ ላይ ሲስበው ሽፋኑ ፕላስተሩ ላይ ይጣበቅና ቀለሙ ተልጦ ይቀራል። በቃ፣ አለቀ። ያ ቦታ ወደ ነበረበት አይመለስም።

መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ ፕላስተሩን ሙሉ በሙሉ አንስተው ይጣሉት። ወይም ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፈው ሙጫ ያለበትን ጎን ከከረጢቱ ጀርባ ጋር ያጣብቁት። ከዚያም ኮሚኩን ብቻውን አይጎትቱ፤ ከኋላው ደግፎ ከሚይዘው ጠንካራ ወረቀት፣ ከቦርዱ ጋር፣ አንድ ላይ ይዘው በቀስታ ያውጡት። ሲመልሱም ኮሚኩን ቦርዱ ላይ አስተካክለው ካስተኙ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ያስገቡ። የታችኛው ጥግ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ሲገባ ነው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ፕላስተሩን ሲለጥፉ ጫፉን ትንሽ አጥፈው ይተዉታል። በኋላ በጥፍር ሳይቧጨር በአንድ ጊዜ ይነሳል። ግሩም ልማድ ነው፣ ዛሬውኑ ይጀምሩት።

እንደ ጋዜጣ ገልብጦ ማንበብ

እኔ ኮሚክ መነበብ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ታሽጎ ብቻ የሚቀመጥ ታሪክ ያሳዝነኛል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ሽፋኑን ወደ ኋላ ገልብጦ በአንድ እጅ ይዞ ማንበብ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ በመዳፍ መጫን፣ ስቴፕል የተመታበትን ጎን ይጎዳዋል። ሰብሳቢዎች ይህን ጎን ስፓይን ይሉታል። ኮሚክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ሲጨነቅ ቀጫጭን መስመሮች ይወጡበታል፣ ቀለሙም ተሰብሮ ነጩ ወረቀት ይታያል። ደጋግሞ በአንድ ጎን የተገለበጠ ኮሚክ ደግሞ ስፓይኑ ይጠቀለልና ሽፋኑ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል።

የእነዚህን ትናንሽ መስመሮች ክብደት የሚያውቀው ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ሲጂሲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የኮሚክን ይዞታ መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል። በ9.8 እና በ9.6 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የማይያዝ ሊሆን ይችላል። ተፈላጊ በሆነ እትም ላይ ግን የዋጋው ልዩነት ትልቅ ነው።

ስለዚህ ንጹሕና ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ያንብቡ። ኮሚኩን በግማሽ ብቻ ይክፈቱት፣ የሚቆመውን ሽፋን በሌላ እጅዎ ይደግፉት። ገጽ ሲገልጡ ከላይኛው የውጭ ጥግ ይጀምሩና ጣትዎን ከሥሩ አስገብተው ይግለጡ። በምራቅ የራሰ ጣት ፈጽሞ አይነካውም። ቡናውና ሻዩ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ጀበናው እስኪነሳ መጠበቅ ምንም አይጎዳም።

ስለ ጓንት ብዙ ሰው ይጠይቃል። ነጭ የጥጥ ጓንት በፊልም ላይ ያምራል፣ ለኮሚክ ግን አልመክረውም። ጣት የወረቀቱን ጫፍ በደንብ እንዳይለይ ያደርጋል፣ የተሰነጠቀ ጠርዝም ክሩ ይይዘውና ይቀደዳል። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ቢያደርቁ ይሻላል። ታጥበው ሲጨርሱ ግን ሎሽን አይቀቡ፤ ቅባቱ ጥቁር ሽፋን ላይ የጣት አሻራ ይተዋል። እጅዎ የሚያልበው ዓይነት ከሆነ ዱቄት የሌለው የናይትሪል ጓንት ያድርጉ።

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ለስላሳና ጠረን ያለው የፕላስቲክ ኪስ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው። ፒቪሲ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል፣ ቀለምም ላይ ይጣበቃል። ኮሚክ አጠገቡ መድረስ የለበትም። ለኮሚክ ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ከረጢቶች ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኤቲሊን የተሠሩ ናቸው። ለጊዜው ደህና ናቸው። ነገር ግን ዘላለማዊ አይደሉም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይወይባሉ፣ ይጨማደዳሉ። ያኔ መቀየር አለባቸው። ለረጅም ዘመን የሚታመነው ማይላር በመባል የሚታወቀው የፖሊስተር ፕላስቲክ ነው። ጥርት ያለ፣ ጠንከር ያለ ነው፤ ወረቀቱንም አይጎዳም።

ከኋላ የሚደገፍበት ቦርድም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው። ተራ ካርቶን አሲድ አለበት፣ አሲዱም ቀስ ብሎ ወደ ኮሚኩ ይሻገራል። አሲድ የሌለበትና አሲድን የሚከላከለው ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ቦርድ ይፈልጉ። አንዳንዱ ቦርድ መከላከያው የተቀባው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። የሚያብለጨልጨው ጎን ወደ ኮሚኩ ይዙር። ብዙዎች ገልብጠው ያስገቡታል።

ታዲያ ላለው ኮሚክ ሁሉ ማይላር መግዛት አለብዎት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የኤክስ ሜን ኮሚክ ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ያን ጊዜ ሰዉ ሀብት መስሎት በብዛት ገዝቶ አስቀመጠው። እንዲህ ያለው ዛሬም እንደ ልብ ስለሚገኝ ተራው ከረጢት ይበቃዋል። ገንዘብዎን ተተኪ ለሌለው ይቆጥቡ።

በገዛ እጅ መጠገን

እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። ፕላስተር ኮሚክ ላይ አይለጠፍም። ሙጫው በጊዜ ብዛት ይወይባል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩ ረግፎ ቡናማው እድፍ ይቀራል። የተላጠ ጥቁር ቀለምን በማርከር መሙላትም እንዲሁ ነው። ከፊት ያማረ ቢመስልም ቀለሙ ወደ ሽፋኑ ውስጠኛ ጎን ያልፋል፤ መርማሪ ወዲያው ያየዋል። ያረጀ ጠርዝን በምላጭ አስተካክሎ መቁረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የተቆረጠ ወረቀት አይቀጠልም።

ሲጂሲ ቀለም ለተጨመረበት ወይም ለተጠገነ ኮሚክ ሐምራዊ መለያ ይሰጣል። ዋጋው ከዚያ በኋላ በእጅጉ ይወርዳል። የተቀደደ ግን ሐቀኛ ኮሚክ ከተቀባባው ይበልጣል፤ እኔም ብሆን የተቀደደውን እመርጣለሁ። የዛገ ስቴፕልንም ነቅለው በአዲስ አይተኩ። ዝገት የእርጥበት ምልክት ስለሆነ መስተካከል ያለበት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ኮሚኩ በእርግጥ ውድ ከሆነና ሊበጣጠስ ከደረሰ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ያማክሩ። ባለሙያ የሚሠራው በስንዴ ስታርች ማጣበቂያና በስስ የጃፓን ወረቀት ነው። ይህ በውኃ መልሶ ይላቀቃል።

ጣሪያ ሥር፣ ቤዝመንት ወይም ወለል ላይ ማስቀመጥ

በኅዳር 2025 አንድ የሱፐርማን ቁጥር 1፣ በ1939 የታተመ፣ በጨረታ 9.12 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። የተገኘው ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሦስት ወንድማማቾች የሟች እናታቸውን ቤት ሲያጸዱ ጣሪያ ሥር ካለ ሣጥን ውስጥ አገኙት። ያገኘው ነጥብም 9.0 ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ምንም የለውም ሊል ይችላል። አጫራቾቹ ራሳቸው ግን ያዳነው የአካባቢው ቀዝቃዛ አየር እንደሆነ ተናግረዋል። ሙቀቱ በሚከብድበት በቴክሳስ ጣሪያ ሥር ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ አይተርፍም ነበር።

የሚመከረው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ35 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው። ከቁጥሩ በላይ አለመዋዠቁ ይጠቅማል። ሰው የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ያለ ቁም ሣጥን ብዙ ጊዜ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ክረምቱ ነው። ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ሣጥን እርጥበት ይስባል፣ ሻጋታ ይከተላል። ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት። ገልፍ ሀገራት ያላችሁ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ለዕረፍት ሀገር ቤት ስትመጡ ኤሲውን ፈጽማችሁ አታጥፉት። ተዘግቶ የከረመ ቤት ለወረቀት እቶን ነው።

ኮሚኮች ሣጥን ውስጥ ቆመው ይቀመጡ። አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመር የታችኛው ይጎብጣል። ሣጥኑ ከላላ ያጋድላሉ፤ ከተጠቀጠቀም ሲወጡ ጥጋቸው ይታጠፋል። ሣጥኑ ራሱ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ቧንቧ የፈነዳ ቀን አንድ ስንዝር ከፍታ ብዙ ያድናል። በረሮና ብል ወረቀትና ሙጫ ስለሚወዱ አልፎ አልፎ ከፍተው ይዩት።

ግድግዳ ላይ መስቀል ካማረዎት የሽፋኑን ቅጂ ይስቀሉ። ብርሃን የሚከላከል መስታወት ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የአማርኛውን ችላ ማለት

ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተባለውን የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። እንዲህ ያሉ ሥራዎች በእጃችን ሲገቡ «የኛው ነው፣ ነገም ይገኛል» ብለን ልጆች እንዲያኝኩት መተው እንወዳለን። በአማርኛ የሚታተም ኮሚክ ገና ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ሁለት ቅጂ እገዛለሁ፤ አንዱ ለልጆች፣ አንዱ ለሣጥኑ።

ሻንጣ ውስጥ ወርውሮ መጓዝ

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ኮሚክ የሚያመጣ ሰው በልብስ መሐል ባያስገባው ጥሩ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኮሚክ ከእሱ ሰፋ ባሉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መሐል ያድርጉት። ካርቶኖቹን ዙሪያቸውን በፕላስተር ያሽጓቸው፤ ፕላስተሩ ከረጢቱን አይንካ። ሁሉንም ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይያዙት። በጭነት ክፍል መሄዱ ግድ ከሆነ፣ ሲደርሱ ወዲያው አይክፈቱት። ከብርድ ወጥቶ ሙቅ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፤ እንደታሸገ ለጥቂት ሰዓታት ክፍሉ ውስጥ ይቆይና ከዚያ ይውጣ።