የሚንሸራተተውን የልጆች የመኪና መቀመጫ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው የቤተሰብ ጉዞ፣ የሦስት ዓመት ልጄን መቀመጫ በቶዮታ ኮሮላችን የኋላ ወንበር ላይ አስሬ በሙከራ ስነዳ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ቀበቶው ላልቶ፣ መቀመጫው ወደ ጎን ተንሸራቶ አገኘው ነበር።

በመጀመሪያ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ አነጠፍኩ፤ ጋቢው በክብደት እየታመቀ ሲሄድ ቀበቶው ይበልጥ ላላ። ቀጥሎ በገመድ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ይህን ማንም ወላጅ እንዳይሞክረው እለምናለሁ፤ ገመድ የግጭትን ኃይል ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን የመኪናውን መመሪያ ሳነብ፣ የኋላው ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ወደ መቆለፊያ ሁኔታ እንደሚገባ፣ ማለትም ወደ ውስጥ እየተመለሰ ብቻ እንደሚጠብቅና መልሶ እንደማይላላ ተረዳሁ። የመቀመጫውን ጀርባ ወደ ፊት ይገፋ የነበረውን የወንበሩን የራስ መደገፊያ ነቀልኩ፤ ቀበቶውን በመቀመጫው ላይ በተመለከተው መሥመር አሳልፌ ማያያዣው ውስጥ ከሰካሁ በኋላ እስከ ጫፉ ሳብኩት፤ ከዚያም መቀመጫውን በጉልበቴ አጥብቄ እየተጫንኩ፣ ቀበቶው ቀጭ ቀጭ እያለ እንዲመለስ ለቀቅኩት። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዤ ስነቀንቀው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ብቻ ተንቀሳቀሰ። ይህ ዓይነት ቀበቶ በሁሉም መኪና ላይ ስለማይገኝ አስቀድሞ መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል።

ሐረጎን ደግሜ ስወርድ መቀመጫው ከቦታው አልተነቃነቀም።