የአኳሪየም እንጨት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ባሕር ገፍቶ ያወጣው እንጨት አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ውስጥ በገባ በቀናት ውስጥ ባለቤቱን ማስደንገጡ አይቀርም። ውሃው ይጠቁራል፤ እንጨቱ ነጭ ነገር ይለብሳል፣ ይንሳፈፋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለዓይን እንጂ ለዓሣ ችግር አይደሉም። ዓሣ የሚጨርሰው ከላይ ሲታይ ምንም የማይመስለው ነው።

ውሃው ሻይ መስሏል

ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን ነው፤ ሻይን አፍ የሚያኮማትር የሚያደርገው ዓይነት ንጥረ ነገር። የደቡብ አሜሪካው ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ከረገፈ ቅጠልና ከአፈር በሚወጣ ተመሳሳይ ነገር ጠቁሮ ነው የሚፈሰው፤ ካርዲናል ቴትራ የተባለችው ዓሣም የምትኖረው እዚያ ነው። ስለዚህ በቀለሙ ብቻ አይደናገጡ። ሆኖም ውሃዎ ማዕድን ያነሰው ከሆነ ታኒን ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት መለኪያ) ሊያወርድ፣ ማለትም ውሃውን አሲዳማ ሊያደርግ ስለሚችል መለካት ይበጃል።

መልኩን ካልወደዱት እንጨቱን አውጥተው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቀቅሉ፤ የጠቆረውን ውሃ ደፍተው በአዲስ ይድገሙት። ውሃው ሲገረጣ ይበቃል፤ ኩልል ብሎ እስኪጠራ ከጠበቁ አያልቅም። ድስት የማይችለው ትልቅ እንጨት ከሆነ በበርሜል ዘፍዝፈው ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንጨቱን ማውጣት ካልፈለጉ ደግሞ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን መቀየርና ፊልተሩ ውስጥ አክቲቬትድ ካርበን (ቀለሙን መጦ የሚያስቀር ልዩ ከሰል) መጨመር ነው። ካርበኑ ሲጠግብ መሥራት ስለሚያቆም በየጊዜው ይተኩት።

አልሰምጥ ብሏል

ውስጡ ገና አየር አለ። መቀቀል አየሩን ስለሚያስወጣ ያፋጥነዋል፤ አለዚያ በባልዲ ውስጥ ክብደት ጭነውበት ውሃ እስኪጠጣ ይተዉት። አኳሪየሙ ውስጥ ድንጋይ ደግፎ ማስቀመጥን ግን አልመክርም። እንጨቱ ሌሊት ብድግ ሲል ድንጋዩ ተንሸራቶ መስታወቱን ሊመታ ይችላል። የቸኮለ ሰው እንጨቱን ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር በስቴንለስ ብሎን ይሰር። ተራ ሚስማር ይዝጋል።

ነጭ ልጋግ ለብሷል

ብዙ ሰው እንጨቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ በከንቱ። በእንጨቱ ላይ የቀረውን ስኳር የሚመገቡ ሻጋታና ባክቴሪያ ናቸው። ምግባቸው ሲያልቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ካሉ ደስ ብሏቸው ይበሉታል፤ ከሌሉ በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብ ነው። መድኃኒት አይጨምሩ። በጣም ከወፈረ ኦክስጅን ስለሚሻማ የአየር ፓምፑን ያጠንክሩት።

ይሸታል፣ ወይም በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል

መፍራት ያለብዎ ይህን ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው አየር በማይደርስበት ውስጡ ብስባሴ አለ ማለት ነው። መቀቀል አያድነውም። ልስላሴው ከላይ ብቻ ከሆነ ጠንካራው እስኪመጣ በቢላ ይፋቁት፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ይጣሉት።

ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ

እንጨቱ ከገባ በኋላ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እንጨቱን ያውጡ፣ ከዚያ ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በተወገደና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ይቀይሩ፣ አየር ፓምፕም ያብሩ። ምክንያቱን መፈለግ ከዚህ በኋላ ነው። እንጨቱ በሳሙና ታጥቦ ነበር? ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካው ቁራጭ ነው? ገና ያልደረቀ እርጥብ እንጨት፣ ወይም እንደ ጥድ ሙጫ ያለው ነው? ሳሙናና ኬሚካል ወደ እንጨት ከገቡ ታጥበው አይወጡምና ወደ ውሃው አይመልሱት። በረኪናንም የማልወደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለጀርም ከሆነ የፈላ ውሃ ይበቃል። እርጥቡ ቅርፊቱ ተልጦ ለወራት ከደረቀ በኋላ ሊሞከር ይችላል።

ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ያወጣል

ከባሕር ዳር የተለቀመ ከሆነ ጨው ነው። ውሃ እየቀየሩ ለሳምንታት ይዘፍዝፉት። ለማፋጠን ብለው ግን ምድጃ ውስጥ አያስገቡት፤ ደረቅ እንጨት እዚያ ሊቀጣጠል ይችላል።