የኡኬሚ፣ የሎክና የቡጢ ልምምድ፦ ደጋግመው የሚመጡ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ታታሚው (የልምምድ ምንጣፉ) ክፍተት ሳይኖረው ተገጣጥሞ ተነጥፏል፣ ሰውነት ሞቋል፣ ጥፍር ተቆርጧል፣ ቀለበትና ሰዓት ወልቋል ብለን እንነሳለን። እዚህ የተጻፈው ከዚያ በኋላ በአይኪዶና በጁጁትሱ ዶጆ (የጃፓን የትግል ጥበብ ማሰልጠኛ) ውስጥ በኡኬሚ (ሳይጎዱ መውደቅና መንከባለል)፣ በሎክ (መገጣጠሚያን መቆለፍ) እና በቡጢ የሚገጥመው ነው። የመጀመሪያው ችግር ረዘም ያለ ቦታ ወስዷል፤ ጀማሪን በአብዛኛው ከልምምድ የሚያስቀረው እሱ ስለሆነ።

ምልክት፦ ወደፊት ሲንከባለሉ የትከሻ ጫፍ ወለሉን ይመታል

ሰልጣኙ ከማኤ ኡኬሚ (ወደፊት መንከባለል) ሲነሳ ትከሻውን ይዞ ነው። የሚያመው ከላይ፣ የአንገት ሥሩ አጥንት ከትከሻው ጫፍ ጋር የሚገናኝበት ጉብታ ላይ ነው። በማግስቱ ቦርሳ ማንገት ያቅተዋል፣ በዚያ ጎኑ መተኛትም አይችልም። ችግሩ በጆሮም ይለያል፤ የተስተካከለ ኡኬሚ ወለሉ ላይ ሾልኮ ያልፋል፣ የተበላሸው "ጧ" ይላል።

ብዙ ሰው ምንጣፉን ይወቅሳል። እርግጥ ነው፣ "የጁዶ ነው" ተብሎ የሚሸጥ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሲሚንቶው የሚሰማ ባለ 2 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ለውርወራ አይሆንም፤ የደህና ታታሚ ውፍረት 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በጥሩ ታታሚ ላይም ትከሻቸውን የሚመቱ ሞልተዋል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው ክርን ላይ ነው። ቀኝ እግርና ቀኝ እጅ ከፊት ሆነው ክብደት ሲመጣ ክርኑ ይታጠፋል። ከትንሿ ጣት ጠርዝ እስከ ትከሻ ጀርባ ሊዘልቅ የነበረው ቅስት መሃል ላይ ይቆረጥና የሰውነት ክብደት በሙሉ አንዲት አጥንት ላይ ያርፋል።

እርግጠኛ ለመሆን ሰልጣኙን ጥቁር ቲሸርት ባለ ሙሉ እጅጌ አልብሱት፣ ታታሚው ላይ የጠመኔ ዱቄት በትናችሁ አንዴ ይንከባለል። በቀኝ በኩል ከተንከባለለ ነጩ መስመር ከክንዱ የውጭ ጠርዝ ተነስቶ በላይኛው ክንድ ጀርባ፣ በትከሻ ጀርባ ባለው ሰፊ አጥንት አድርጎ፣ ጀርባውን በአግድም አቋርጦ ወደ ግራ መቀመጫው መውረድ አለበት። ክንዱ ላይ ነጭ ሳይኖር ትከሻው ጫፍ ላይ ከታየ ክርኑ ታጥፏል ማለት ነው። ነጩ አከርካሪው ላይ በቀጥታ ከወረደ ደግሞ የተንከባለለው በአግድም ሳይሆን በቀጥታ ነው፤ ወገቤን አመመኝ የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ካላያችሁ "ዘና በል" ብሎ መምከር ምንም አይረዳም። ዘና ያለ ክርን ጭራሽ ቶሎ ይታጠፋል።

ማስተካከያው ከጉልበት ይጀምራል። የግራ ጉልበት መሬት ይነካ፣ ቀኝ እግር ከፊት ይቁም። የቀኝ እጅ በትንሿ ጣት በኩል ባለው ጠርዝ ታታሚውን ይንካ፤ ጣቶቹ ወደ ሰልጣኙ፣ ክርኑ ወደ ፊት ይመልከቱ። ግራ እጅ ከጎን ሆኖ ይደግፍ። ከመንከባለሉ በፊት ጓደኛ መጥቶ ክንዱን ወደ ደረት ይግፋው፦ ቅርጹ ካልተለወጠ ዝግጁ ነው፣ ከገባ ገና ነው። ጡንቻ ማጠንከር አያስፈልግም፤ ክርኑ በትንሹ ታጥፎ ክንዱ ክብ ሆኖ ከቆየ ይበቃል።

ቀጥሎ ራስ። በቀኝ የሚንከባለል ሰው አገጩን አስገብቶ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ የኋላ ጉልበቱን ይይ። ቀኝ እጁን የሚያይ ሰው አንገቱን መንገድ ላይ እያስቀመጠ ነው። የራስ አናት ታታሚውን ከነካ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ያ ኡኬሚ አልተሠራም፤ ወደ ጉልበት ተመልሶ ይደገም።

ከዚያ የኋላ እግር ጣቶች መሬቱን ይግፉ፣ ዳሌ ይነሳ፣ ክብደቱ በክንዱ ላይ ይለፍ። መዝለል የለም። ሲወጣ የግራ እግር ታጥፎ ከስር ይገባል፣ ቀኝ እግር መሬት ይረግጣል፣ ሰልጣኙም እንደጀመረው ቀኝ እግሩን ከፊት አድርጎ ይቆማል። በየጎኑ 10 ጊዜ ከጉልበት፣ የጠመኔው መስመር ሳይቆራረጥ ከወጣ በኋላ ከቁጢጥታ፣ በመጨረሻ ከቁመት። ቁጢጥታውን ዘለው በቀጥታ ከቁመት የሚሞክሩት ናቸው ክርናቸው የሚከዳቸው፤ ከፍታ ሲጨምር ፍርሃት ይመጣል፣ ፍርሃት ሲመጣ እጅ ይሰበሰባል።

ሁልጊዜ ከደካማው ጎን ጀምሩ። በቀኝ እንደ ኳስ የሚንከባለል፣ በግራ ግን ተገዶ ካልሆነ የማይሞክር ሰልጣኝ በየዶጆው አለ። ወራት ያልፉና አንድ ቀን ሳይጠብቅ በግራ ይወረወራል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ያን ቀን ነው። ቀበቶው ከፍ ያለ ሰልጣኝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚወረውረው ሰው ሳይቆጥብ ነው የሚወረውረው። በሰው ላይ እየዘለሉ መንከባለልን ለትርኢት የሚያስተምሩ አሉ። ከቁመት ያለው ኡኬሚ በሁለቱም ጎን ሳይጠራ ይህን የሚያሠራ አሰልጣኝ በሰው አጥንት እየተጫወተ ነው።

ትከሻው ጫፍ ላይ አዲስ ጉብታ ከታየ፣ እጅ ከትከሻ በላይ አልነሳ ካለ ወይም የአንገት ሥሩ አጥንት ሲነካ ካመመ ልምምዱ እዚያው ይቁም። ወጌሻ ጋ ከመሄድ በፊት ራጅ ይነሳ። የተሰበረ አጥንት ከታሸ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል።

ምልክት፦ ወደ ኋላ ሲወድቁ የእጅ አንጓ ወይም ማጅራት ይጎዳል

እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መሬት ይፈልጋል፣ አንጓ ይሰበራል፣ ክርን ይወልቃል። በኡሺሮ ኡኬሚ (ወደ ኋላ መውደቅ) እጅ መሬት የሚመታው ከጎን ነው፤ ከሰውነት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ርቆ፣ መዳፍ ወደ ታች፣ ጀርባ በሚያርፍበት ቅጽበት። እጁ ወደ ትከሻ ከፍታ ከወጣ ድንጋጤው ትከሻውን ያገኘዋል። አገጭ ደረት ይንካ፣ ዓይን ቀበቶ ላይ ይሁን።

ሺሆናጌ (የተያዘ እጅን ወደ ትከሻ ጀርባ አጥፎ መጣል) ላይ ግን ይህ ሁሉ ላይበቃ ይችላል። ወርዋሪው እጁን ሳይለቅ ወደ ትከሻ ጀርባ አጥፎ ቁልቁል ከጎተተ ወዳቂው የሚያርፈው በጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ነው፣ መሬት የሚመታበት እጅም የለውም። በጃፓን በአይኪዶ ልምምድ ከደረሱ ከባድ የራስ ጉዳቶች ጋር ሺሆናጌ ተደጋግሞ ይነሳል። ስለዚህ የወዳቂው እጅ ከራሱ ትከሻ ጋር ተጠግቶ ይውረድ እንጂ ወደ ውጭ አይለጠጥ፣ ጀማሪ ላይም በፍጥነት አይሠራ። ራሱን የመታ ሰው ካስታወከ፣ ከደነዘዘ ወይም ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ከጠየቀ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ። "ትንሽ ይረፍ" የሚባል ነገር የለም።

ምልክት፦ ኮቴጋኤሺ (አንጓን ወደ ውጭ አዙሮ መጣል) አይሠራም፤ ጓደኛ ቆሞ ያያል

ሦስት ምክንያት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም አብረው ይመጣሉ። አንደኛ፣ እጁ ከራሳችሁ ሰውነት ርቋል። የተያዘው እጅ ከእምብርታችሁ ፊት፣ በቀበቶ ከፍታ ይሁን። ሁለተኛ፣ አንጓው ሳይታጠፍ ተጠምዝዟል። የጓደኛን ቀኝ እጅ በግራችሁ ስትይዙ አውራ ጣታችሁ በመዳፉ ጀርባ፣ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ግርጌ መሃል ይረፍ፤ የቀሩት ጣቶች የአውራ ጣቱን ሥር ይያዙ። መጀመሪያ መዳፉን ወደ ራሱ ክንድ እጠፉ፣ ከዚያ ቀኝ እጃችሁን ደርባችሁ ወደ ውጭ አዙሩ፣ ዳሌያችሁም አብሮ ይዙር።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሚዛኑ አልተናጋም። ኮቴጋኤሺና ኒክዮ (ሌላ የአንጓ ሎክ) የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ኡኤሺባ እ.ኤ.አ. በ1915 ከሶካኩ ታኬዳ መማር ከጀመሩት ከዳይቶ ሪዩ ጁጁትሱ የመጡ ናቸው፤ እዚያም ከሎክ በፊት አቴሚ (ምት) እና ኩዙሺ (ሚዛን ማናጋት) አለ። ሁለቱን ዘለው አንጓ ብቻ የሚጠመዝዙ ሰዎች ጉልበት ይጨምራሉ፣ ጉልበቱም የጓደኛን ጅማት ይበጥሳል። የጓደኛ ክብደት በአንድ እግሩ ላይ ካልሆነ እጁን አትጠምዝዙ።

ኒክዮ በኋላ አንጓን ለሳምንታት የሚያሳምመው በአንዴ፣ በድንገት ስለሚሠራ ነው። ግፊቱ ቀስ ብሎ፣ የጓደኛ ክርን እንደታጠፈ፣ ወደ ሰውነቱ መሃል ይሂድ።

ታፕ ("በቃኝ" ለማለት በእጅ መታ መታ ማድረግ) ሳይዘገይ ይደረግ፤ ሎኩ ሲገባ እንጂ ሕመሙ ሲበረታ አይደለም። በተለይ የተዘረጋ ክርን ሕመሙና ጉዳቱ አብረው ስለሚደርሱ ለመታገስ ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱም እጅ ከተያዘ በእግር መሬት ይመታ ወይም "ማይታ" (ተሸነፍኩ) ይባል። ታፕ ተደርጎ "ትንሽ ልጨምርለት" የሚል ሰው ከታታሚው ይውረድ።

ምልክት፦ ቡጢ ከመታ በኋላ የትንሿ ጣት ግርጌ ያብጣል

የመታው በተሳሳቱት የጣት አንጓዎች ነው። ዒላማውን የሚነኩት የአመልካችና የመሃል ጣት ግርጌዎች ናቸው፤ አውራ ጣት ከውጭ በኩል በእነዚሁ ሁለት ጣቶች ላይ ይተኛ፣ የመዳፍ ጀርባና ክንድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁኑ። ትንሿ ጣት ስትጨበጥ ከጎኖቿ ጋር ካልተሰለፈች ወይም የግርጌዋ ጉብታ ከጠፋ ራጅ ያስፈልጋል።

ማኪዋራ (ቡጢ የሚለማመዱበት እንጨት) መተጣጠፍ አለበት። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተቸነከረ ሳንቃ ማኪዋራ አይባልም፤ የመታው ኃይል በሙሉ ወደ አንጓና ክርን ይመለሳል። የኦኪናዋው ዓይነት ግርጌው ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ሆኖ መሬት የተተከለ እንጨት ስለሆነ ሲመታ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ በቀስታ፣ የቆዳ መላጥ ሲጀምር ይቁም።

በሾሜኑቺ (ከላይ ወደ ግንባር የሚወርድ የእጅ ምት) እና በትሱኪ (ቀጥታ ቡጢ) ልምምድ ጥቃቱ ከዒላማው ቀድሞ የሚቆም ከሆነ የሚከላከለው ሰው ቴክኒክ ለምን እንዳልሠራ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሚያናጋው ክብደት አልመጣለትም። ቀስ ይበል፣ ግን ዒላማው ድረስ ይድረስ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የጉልበት ሕመም በሱዋሪ ዋዛ (ተንበርክኮ የሚሠራ ቴክኒክ)፦ ምክንያቱ ጉልበቱ መሬት እንደነካ መዞር ነው፤ መዞሩ ከእግር ጣቶች ይጀምር። ከተደጋገመ ኡኬሚ በኋላ ማዞር፦ ምክንያቱ ዓይን መጨፈን ሊሆን ይችላል። የእግር ጣት ወለምታ፦ ሁለት ታታሚዎች መሃል ክፍተት አለ፣ ልምምዱ ይቁምና ይገጠም።