ጌም መሃል ስታክ የሚያደርግ ላፕቶፕ፦ ዲስኩን እንዴት እንፈትሽ?

ላፕቶፑ ጌም መሃል ስታክ ሲያደርግ ብዙ ሰው ጂፒዩው (ምስል የሚሠራው ቺፕ) ላይ ይፈርዳል። እኔ ለጥገና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ዲስኩን ነው። አዲስ ማፕ ሲከፈት ምስሉ ቀጥ ብሎ፣ ማውሱ ግን የሚንቀሳቀስ ከሆነ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ዲስኩ 100% ላይ ተሰቅሎ የንባብ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ከወረደ ያስጠረጥራል።

ከሁሉም በፊት ፎቶ፣ ሰነድና የጌም ሴቮቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ! ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ) ቀድሞ ማስጀመር የደከመውን ዲስክ ጭራሽ ሊገድለው ይችላል። የሰው የዓመታት ፎቶ በዚህ ሲጠፋ ያሳዝነኛል።

ከዚያ የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ጫኑ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6) የሚሉትን መስመሮች እዩ፤ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥሩ ናቸው። ቁጥራቸው እየጨመረ ከሄደ አትጠብቁ፣ ቀይሩት። ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ከሆነ የዳታ ስህተት ቆጠራውንና ሙቀቱን ተመልከቱ።

ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይም ስታክ ባደረገበት ሰዓት ከዲስክ የመጣ 7 (የተበላሸ የዲስክ ክፍል) ወይም 153 (ዲስኩ ዘግይቶ የተደገመ ሥራ) የሚል ቁጥር ካለ ማስረጃ ነው።

ሁሉም ንጹህ ከሆነ ጌሙን ሌላ ዲስክ ላይ ጭናችሁ ሞክሩ። አሁንም ስታክ ካደረገ ወደ ራምና ወደ ማቀዝቀዣው እለፉ።