የፕላስቲክ ታንከር በአንድ ሞጁለስ አይሰላም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ጣሪያ ላይ ዓመት ከዓመት ውሃ ተሸክሞ የሚኖረውን ጥቁር የፖሊኢቲሊን ታንከር እንውሰድ። ብረት ቢሆን አንድ ሞጁለስ (የግትርነት መለኪያ፦ ስትረስ ለስትሬን ሲካፈል) ይበቃው ነበር። ፖሊኢቲሊን ግን ጭነቱ ባይጨምርም ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዳታሺት (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) ላይ የሰፈረውን ሞጁለስ ለዓመታት ጭነት መጠቀም ነው። ያ ቁጥር የተገኘው በደቂቃዎች ከሚያልቅ የመሳብ ሙከራ ነው። እስኪ እናስላው። ራዲየሱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ታንከር 1.5 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲሞላ 2,000 ሊትር ያህል ይይዛል። ታች ያለው ግፊት ወደ 15 ኪሎፓስካል፣ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥረው ስትረስ (በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል) ደግሞ ወደ 1.6 ሜጋፓስካል ነው። ሞጁለሱን 700 ሜጋፓስካል ካልን ስትሬኑ (ከመጀመሪያው ርዝመት አንጻር የተለጠጠው) 0.23 በመቶ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ሞጁለሱ ወደ ሩብ ሲወርድ ግን 0.9 በመቶ ይደርሳል፤ ለፖሊኢቲሊን ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም።

ሙቀቱንም ይለዩ። በሚያዝያ ፀሐይ ከውሃው መስመር በላይ ያለው ግድግዳ እጅ ያቃጥላል፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ውሃው ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ሙቀት አይስጡ። ላቦራቶሪ ውስጥ በ23 ዲግሪ የተገኘውን ውጤት ወደ ሌላ ሙቀት ለማሻገር ብዙዎች የደብልዩ ኤል ኤፍ ቀመር (ሙቀት የክሪፕን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሰላ) ቋሚዎች የሆኑትን 17.44 እና 51.6 እንዳሉ ይገለብጣሉ። እነሱ የሚያገለግሉት ቅርጽ አልባ (ሞለኪውሎቻቸው በሥርዓት ያልተደረደሩ) ለሆኑ ፖሊመሮች፣ ያውም ከመስታወት ሽግግር ሙቀታቸው (ከመስታወት መሰል ግትርነት ወደ ልስላሴ ከሚያልፉበት ሙቀት) እስከ 100 ዲግሪ ከፍ እስኪል ድረስ ነው። ፖሊኢቲሊን በከፊል ክሪስታል ስለሆነ የራሱን የክሪፕ ሙከራ በተለያየ ሙቀት መሥራት ግድ ነው።

የማክስዌልን ሞዴል (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ የተያያዙ ስፕሪንግና በዝግታ የሚፈስ ዳምፐር) ብቻውን ለጠጣር አይጠቀሙ፤ ጭነት እስካለ ድረስ ያለማቋረጥ ይፈሳል። የኬልቪን–ፎይግት ሞዴል (ሁለቱ ጎን ለጎን የተያያዙበት) ደግሞ የቅጽበት መለጠጥን አያሳይም። ለረጅም ጊዜ ስሌት የፕሮኒ ተከታታይ (የተለያየ የጊዜ መጠን ያላቸው ኤክስፖኔንሻል ቴርሞች ድምር) ይሻላል፦ ለእያንዳንዱ የአስር እጥፍ የጊዜ ክልል አንድ ቴርም ያህል፤ ሙከራው ካልደረሰበት ጊዜ አያልፉ።

የክሪፕ ኮምፕላያንስን (ስትረሱ ሳይለወጥ የሚለካ፣ ስትሬን ለስትረስ ሲካፈል) ገልብጦ፣ ማለትም 1ን ለእሱ አካፍሎ፣ የሪላክሴሽን ሞጁለስ (መለጠጡ ሳይለወጥ ስትረሱ ሲቀንስ የሚለካ) ብሎ መጥራትም ስህተት ነው፤ ሞጁለሱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኮንቮሉሽን (በጊዜ ውስጥ የሚደምር ኢንተግራል) ነው። በክሪፕ ሙከራ ጭነቱን ለማሳረፍ 5 ሴኮንድ ከፈጀብዎ ደግሞ አስር እጥፉን፣ የመጀመሪያዎቹን 50 ሴኮንድ ንባቦች፣ ይጣሉ።

ጣና ላይ ለሚሠራ ጀልባ የናይለን ክፍል ከሆነ የሚሰላው፣ ደረቅ ናሙና አይፈትሹ። ናይለን 6 ውሃ ሲጠግብ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ይጠጣል፤ ደረቅ ሳለ 50 ዲግሪ አካባቢ የነበረው የመስታወት ሽግግር ሙቀቱም ወደ 0 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ናሙናውን ውሃ ውስጥ ይንከሩና እየመዘኑ ክብደቱ መጨመሩን እስኪያቆም ይጠብቁ፤ ሙከራው ከዚያ በኋላ ይጀመራል።