3816547290ን በወረቀትና በእስክሪብቶ ብቻ እንዴት ታገኙታላችሁ

3816547290 ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ሁሉም አንድ አንዴ ገብተዋል፣ ግን የሚገርመው እሱ አይደለም። ከግራ እየቆረጣችሁ እዩት፦ 38 ለ2 ይካፈላል፣ 381 ለ3፣ 3816 ለ4፣ 38165 ለ5፣ እንዲህ እያለ ሙሉው ለ10 እስኪካፈል ድረስ አንዴም ቀሪ አይተውም። አስሩን አሃዞች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ መደርደር ይቻላል፣ ይሄን የሚያደርገው ግን እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ፕሮግራም ወደመፃፍ ይሄዳል፣ እኔ ግን በእጅ ስሩት ነው የምለው ምክንያቱም ለምን እሱ ብቻ እንደሆነ የሚታያችሁ ያኔ ነው።

አስር ባዶ ቦታ አስምሩ። 10ኛው 0 ነው፣ 5ኛው 5፣ እነዚህ አያከራክሩም። 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛና 8ኛ ቦታ ተጋማሽ መሆን አለባቸው፣ ስለዚህ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እዛ ያልቃሉ፣ ለቀሩት ቦታዎች 1፣ 3፣ 7፣ 9 ይተርፋሉ።

አሁን 4ን እዩ። ለ4 መካፈልን የሚወስኑት የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ናቸው፣ 3ኛው ደግሞ ኢ-ተጋማሽ ነው፣ 12፣ 16፣ 32፣ 36 ይሰራሉ፣ 14ና 38 አይሰሩም፣ ስለዚህ 4ኛው ወይ 2 ወይ 6 ነው። ለ8ም ያው ነው፣ 200፣ 400፣ 600፣ 800 ሁሉም ለ8 ስለሚካፈሉ 6ኛውን እርሱትና 7ኛና 8ኛውን ብቻ ያዙ፦ 16፣ 32፣ 72 ወይ 96። በቃ 2ና 6 ተያዙ ማለት ነው፣ 4ና 8 ወደ 2ኛና 6ኛ ቦታ ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሶስት አሃዞች ድምር ለ3 ይካፈላል፣ የስድስቱም እንደዛው፣ ስለዚህ የመሀለኞቹ ሶስትም ድምር ለ3 መካፈል ግድ ነው። መሀል ላይ 5 ስላለች የሚሰራው 258 ወይ 654 ብቻ ነው! የ9 ነገር አያሳስባችሁ፣ ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ስለሆነ ራሱ ይሟላል።

የመጀመሪያዎቹን ሶስትም በ3 ህግ ስታጣሩ አስር እጩ ብቻ ይቀራል። በ258 በኩል 147258963ና 741258963፣ በ654 በኩል 183654729፣ 381654729፣ 189654327፣ 981654327፣ 189654723፣ 981654723፣ 789654321ና 987654321።

የቀረው 7 ነው፣ አቋራጭ የለውም፣ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ሰባት አሃዝ ቁጭ ብሎ ማካፈል ነው። 987654321 እዚህ ድረስ መምጣቱ ያጓጓል ግን 9876543 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ወደቀ። 3816547 ላይ 3500000 ቀንሱ፣ 316547፣ ከሱ 315000፣ 1547፣ ከሱ 1400፣ 147፣ እሱ ደግሞ 7 በ21 ሲባዛ ነው። አለቀ፣ ሌሎቹ ዘጠኙ ሁሉም ቀሪ አላቸው።

አሃዝ መደጋገም ከፈቀዳችሁ ደግሞ ጨዋታው ይረዝማል፣ 3608528850368400786036725 እስከ 25 አሃዝ ድረስ እንዲሁ ይሄዳል። 26ኛ ለመጨመር ሞክሩ፣ ከ0 እስከ 9 አንዱም አይሰራም፣ ከሱ የሚረዝምም የለም።